የሚካኤል ጡሩምባና የኔ ፍራሽ

ግንቦት 14

ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም። ጧት ሱቁን ከፈትኩ፣ ጠረግሁ፣ ብየዳውን ሰካሁ፣ መብራት ሄደ። ከሰዓት መጣ። ሁለት ሬዲዮ አንድ ቴፕ ጠገንኩ... ቴፑስ አልተሠራም፣ ባለቤቱ ግን «ትንሽ ተሽሎታል» ብሎ ይዞት ሄደ።

አያ ያረጋል ሁለተኛውን የድምፅ ማጉያ ጡሩምባ ጨረሰው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ እዚህ ቡሬ እሱ ዘንድ ነው ያለሁት፣ ሥራውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁለቱም ጡሩምባዎች ለሚካኤል ናቸው፣ ለተወለደበት ደብር፣ ከዚህ በእግር ሁለት ሰዓት። አፋቸው በኮምፔንሳቶ፣ ጉሮሯቸው በላሜራ። የፋብሪካ አይወድም፣ «የፋብሪካ ጡሩምባ ነፍስ የለውም» ይላል። ከንፈራቸው ላይ በቀይ ቀለም «ያረጋል ድምፅ፣ ቡሬ» ብሎ ጻፈ።

«ያምሮት፣ ማይኩን ያዥና አንድ ሁለት በይ።»

ያዝኩት። አላልኩም። በጥፍሬ ኳ ኳ አደረግሁት።

«እሱማ ጥፍርሽ ነው። እኔ የምፈልገው አንቺን ነው።»

ድምፄ በጡሩምባ ሲወጣ መስማት እፈራለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ብዙ ነገር ነው የምፈራው። ይኸን ደብተርም የጀመርኩ ለዚያ ነው... የሚካኤሉ አባ ገብረሰንበት የነፍስ አባታችን ናቸው፣ ንስሐ ልገባ ፊታቸው ቁጭ ስል ሁሉም ይጠፋኛል። «እንግዲህ ኃጢአት የለብሽም ማለት ነው?» አሉኝ ባለፈው። «አለብኝ አባ፣ ጠፍቶኝ ነው።» «እንግዲያ ጻፊው። አምስተኛ ክፍል ደርሰሽ የለ?»

ጻፍኩ። እስካሁን የጻፍኩት ግን ስለ መብራት ነው።

ግንቦት 17

ዛሬ እሁድ ሂደን ሰቀልናቸው። ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ላይ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች። አያ ያረጋል አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

አባ ገና «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ... እንዴት ብየ ልጻፈው? እንስራ ውስጥ ተደፍተው የሚያወሩ ይመስላል። ደግሞ ጆሮ ይወጋል፣ አፍንጫው ተይዞ እንደሚጮህ ሰው። ውሾች አላዘኑ። አንዲት ሴት የልጇን ጆሮ በእጇ ደፍና ወጣች። አባ እያንዳንዱን ቃል እየፈሩ ይሉት ጀመር... እኔ እንደማወራው ሆኑ።

ሲያልቅ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አቶ ባምላኩ መጡ።

«ያረጋል፣ እጅህ አይንጠፍ። ነፍስ አለው ብለኸን ነበር፣ እውነትክን ነው አለው። ግን ክፉ ነፍስ ነው።»

«አስተካክለዋለሁ።»

«ለሰኔ ሚካኤል አገር ይሰበሰባል። እስከዚያ ካልተገራ የፋብሪካውን ከባሕር ዳር እናስመጣለን።»

በአህያ ጭነን መለስናቸው። አያ ያረጋል ቡሬ ልንገባ ስንል ነው የተናገረው... «ይኸ ካልሆነ ሱቁን ዘግቸ ወደ እርሻየ ነው የምገባ። አንቺም ወደ እናትሽ።»

እናቴን እወዳታለሁ። ግን እዚያ ብየዳ የለም። ስበይድ ብቻ ነው እጀ የማይንቀጠቀጠው።

ግንቦት 19

ብቻየን ነበርኩ። ጡሩምባውን ከሱቁ ቴፕ ጋር አገናኘሁት፣ ካሴቱ ስብከት ነው፣ ድምፁን ዝቅ ያደረግሁ መስሎኝ ለካ ከፍ አድርጌዋለሁ... ሲጮህብኝ ደንግጨ ዓይኔን ጨፍኘ ያገኘሁትን አንስቸ አፉ ውስጥ ወተፍኩት። ዓይኔን ስገልጥ የደንበኛ ወንበር ስፖንጅ ነው።

ግን... ሰባኪው ሰው ሆነ። ያ እንስራው ጠፋ፣ የአፍንጫው ጠፋ። አወጣሁት፣ እንስራ። ከተትኩት፣ ሰው። አወጣሁት ከተትኩት፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ለካ ጩኸቱ እዚያው ጡሩምባው ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ነው የሚበላሸው። ስፖንጁ መላተሙን ይውጠዋል።

የወንበሩ ትንሽ ናት፣ ለሁለት ጉሮሮ አትበቃም። ስፖንጅ ግዛልኝ ልበለው? ለምን ይለኛል። ለምን ሲለኝ ደግሞ ይጠፋኛል። እትየ ባንቺአየሁን ልጠይቅ? ሚስቱ ናት፣ እሷም ለምን ትለኛለች።

ፍራሸም ስፖንጅ ናት፣ ማንንም አልጠይቅባትም፣ የራሴ ናት። በላሜራ መቁረጫ ሁለት ክብ አወጣሁ። አንዱ ከትከሻ አንዱ ከወገብ ላይ።

ግንቦት 20

አያ ያረጋል ሰማው። ዞረ፣ ጡሩምባው ውስጥ ራሱን አስገብቶ አየ።

«ምን አደረግሽው?»

«ስፖንጅ...»

«ከየት?»

«ወንበር ሠሪው... ትራፊ ሰጠኝ።»

ለምን ዋሸሁ? ፍራሽ መቁረጥ ያስገርፍ ይመስል። ሃያ ዓመቴ ነው።

ወገቤን አሞኛል። ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አደረ።

ግንቦት 24

ተሰቀለ። ተቀደሰ። አባ የተናገሩትን የሜዳው ሰው ሁሉ ሰማ፣ ውሾቹም ተኙ። አቶ ባምላኩ የአያ ያረጋልን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። አባ ደግሞ፣

«ያረጋል፣ ምን አበላኸው?»

«ሙያ ነው አባ» አለ። ደስ ብሎኛል... ደስ ብሎኝ ነበር።

ግን ቅዳሴው መሐል ነው። «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» ሲሉ ቀና ብየ ወይራውን አየሁ፣ ድምፁ የሚወጣው በኔ ፍራሽ ውስጥ አልፎ ነው። የኔ ፍራሽ። ግንቦት 12 የወር አበባየ ሲመጣ የተኛሁት እሷ ላይ ነው... አራት ቀን... ከዚያ በፊትም ስንት ወር... ያን ጊዜ እኔ ራሴ የግቢውን በር አላልፍም፣ ውጭ ነው የምቆም። እኔ የማልገባበት ፍራሸ ገብታ ዛፍ ላይ ወጥታለች።

መሬት ቁጭ አልኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት «ጾም ነሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። ይኸም ውሸት ነው፣ ሐምሳው ቀን አላለቀም፣ የምን ጾም አለ።

ግንቦት 25

ብናገር ጡሩምባው ይወርዳል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ አያ ያረጋል ይዋረዳል። ባልናገር አገር ምድሩ በኔ ፍራሽ ይቀደስለታል።

ግንቦት 28

እትየ ባንቺአየሁ ቤት ስታጸዳ ፍራሸን ገለበጠችው።

«ኧረ ጉድ! አይጥ በላሽ አንቺ ልጅ!»

«አይጥ ነው» አልኩ።

እጇን በቀዳዳው አስገብታ ጫፉን ዳበሰችው። «ይች አይጥ መቀስ አላት?»

«እንጃ» አልኩ።

ከጎረቤት ድመት አመጣች። ድመቷ ወገቤ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ተኝታለች። አላስነሳኋትም። እኔ መሬት ተኛሁ።

ሰኔ 2

ጾም ገባ። ክረምቱም ገባ።

ቅዳሜ ሲዘንብ አደረ። ትናንት ጰራቅሊጦስ ነበር፣ አልሄድኩም፣ አሞኛል ብየ። ዛሬ አቶ ባምላኩ ደወሉ። አያ ያረጋል ስልኩን ከጆሮው አርቆ ነው የያዘው፣ እኔም እሰማለሁ።

«ያረጋል፣ አባ ውሃ ውስጥ ገቡብን! አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሰው አፋቸውን እያየ ነው ያስቀደሰ!»

ስፖንጁ ዝናቡን ጠጥቶታል። የፍራሽ ስፖንጅ ሲጠጣ አይተፋም። አያ ያረጋል ግን ውስጡ ያለውን ድምፅ አውጪ ነው የጠረጠረው፣ «ልቡ ረጥቦ ነው» አለ። ረቡዕ ፍኖተ ሰላም ሂደሽ ልብ ግዥ አለኝ።

ደስ አለኝ። ክፉ ነኝ? ፍራሸ መውረዷ ነው። ግን በምን ልተካት? ለሚካኤል አሥር ቀን ቀረው።

ሰኔ 4

ፍኖተ ሰላም ሂጀ መጣሁ። አውቶብስ ውስጥ ቆሜ፣ ኪሴን ይዠ።

ከመናኸሪያ ባጃጅ ያዝኩ። መንገድ ላይ ትን አለው፣ ሳል ሳል አድርጎ ቆመ። ነጂው ልጅ ስመኘው ይባላል፣ ስሙን ባጃጁ ላይ ጽፎታል። ወርዶ ከውስጥ ጥቁር ስፖንጅ አወጣ፣ በቤንዚን አጠበው፣ ጨመቀው፣ አፉ ላይ አድርጎ እፍ አለብኝ። ፊቴ ላይ መጣ ትንፋሹ! በስፖንጅ ውስጥ አልፎ!

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፊልትሮ ነዋ። ሳንባው። አቧራ ያስቀራል፣ አየር ያሳልፋል።»

«ዝናብ ቢገባበትስ?»

«አራግፈሽ ትመልሽዋለሽ፣ አለቀ።»

«ድምፅስ ያሳልፋል?»

«የምን ድምፅ?» አለና ዞሮ አየኝ። «እህቴ ደህና ነሽ?»

ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ እንደ ወንፊት፣ ብርሃን ያሳያል። የፍራሹ ግን እንደ ዳቦ ነው፣ ምንም አያሳይ። «አሮጌ አለህ? የሚጣል?» አልኩት። ለማላውቀው ሰው በአንድ ቀን ይኸን ሁሉ ጥያቄ!

ወደ ጋራዣቸው ወሰደኝ። ከቆሻሻ ውስጥ አሥራ አራት ለቅሞ በፌስታል ሞላልኝ።

«ባጃጅ አለሽ እንዴ?»

«የለኝም። ለቤተክርስቲያን ነው።»

«ሊጠመቁ ነው?» አለና ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ዘግይቸ ሳቅሁ፣ አውቶብስ ውስጥ ሆኘ።

ልቡን መግዛት ረሳሁት።

ሰኔ 6

ልቡን በመርሳቴ አያ ያረጋል ተቆጣ። የፊልትሮውን ነገር ነገርኩት። ወንበር ሠሪውን ግን አላነሳሁም፣ እሱን እንደዋሸሁ ነው።

አልሰማኝም። ፌስታሉን አይቶ «ቆሻሻ ተሸክመሽ መጣሽ?» አለ። ያኔ ክብሪት ጫርኩ። ከፍራሹ የተረፈ ቁራጭ አፌ ላይ አድርጌ እፍ አልኩ፣ እሳቱ ንቅንቅ አላለም፣ ጣቴን አቃጠለኝ። ሌላ ጫርኩ። በፊልትሮው እፍ ስል ጠፋ።

ክብሪቱን ተቀበለኝና ራሱ እፍ አለ። አንድ ፓኮ ጨረሰ።

«የባጃጅ ሳንባ» አለ። «እኔም ይኸን ሳስብ ነበር።»

ሲያስብ አልነበረም። በኦሞ አምስት ጊዜ አጠብኳቸው፣ ሰፋኋቸው፣ ለእያንዳንዱ ጡሩምባ ሰባት ሰባት። በጣም መጠቅጠቅ አያስፈልግም፣ ጉሮሮው ላይ ላላ ብሎ ቢቀመጥ ይበቃል። ሲጠቀጠቅ ይታፈናል። ሱቅ ውስጥ ባለ አሮጌ ጡሩምባ ስንት ጊዜ ሞክሬ ነው የደረስኩበት... ቁጥሩን አላውቅም፣ ቤንዚኑ ግን ራሴን አዙሮኛል።

ሰኔ 10

ሦስታችንም ሄድን። አያ ያረጋል ሊቀይር፣ እኔ ላሳየው፣ እትየ ባንቺአየሁ ለበዓሉ ድግስ ልታግዝ።

በሩ ጋ ስደርስ መጣብኝ። የወር አበባየ። ዛሬ! ቆምኩ።

«ግቢ እንጂ» አለ አያ ያረጋል። እትየ ባንቺአየሁ አየችኝና ገባት። «አንተ ሂድ፣ እሷ እዚህ ትሁን።»

ከውጭ ሆኘ በግንቡ አሻግሬ ወይራው ላይ ሲወጣ አየዋለሁ። የፍራሹን ስፖንጅ መዥርጦ አወጣው፣ ውሃው ፊቱ ላይ ወረደ። የባጃጁን አስገባ። የረጠበውን ይዞ መጥቶ እግሬ ሥር ጣለውና ተመለሰ።

እትየ ባንቺአየሁ ልትጨምቀው አነሳችው። ገለበጠችው። ጠርዙ ላይ ጨርቅ ተጣብቋል... ያ ጽጌረዳው... የፍራሽ ልብሱ። ስቆርጥ አላየሁትም።

ዛፉን አየች። እኔን አየች።

«አይጧ ዛፍ ትወጣለች» አለች።

አለቀስኩ። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፣ «ሳትታጠቢ የምትተኝበት ነው?» «አዎ።» «እንዲህ ሁነሽም?» «አዎ።» በአፏ ላይ እጇን ጫነች። ሴት ስለሆነች ወዲያው ነው የገባት፣ ወንድ ቢሆን ሰዓት ይፈጅ ነበር። ስፖንጁን አጥፋ በነጠላዋ ሥር ሸጎጠችው፣ ውሃው በቀሚሷ ወረደ።

«ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እሽ።»

«ለአባ ግን ትነግሪያለሽ። አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እኔ ደግሞ ስናገር አሳንሼ አላውቅም።»

ሰኔ 12

ሚካኤል። አገሩ ሁሉ ወጣ። እኔ ግንቡ ሥር፣ ውጭ። ዘነበ። ጡሩምባው በዝናቡ ውስጥ... ጥርት። አባ ጆሮየ ሥር ቁጭ ብለው የሚያወሩኝ ይመስላል። ሲያስሉ እንኳ ያምራል።

አቶ ባምላኩ በማይክ «ልጃችን ያረጋል በራሱ ጥበብ» አሉ። እልል ተባለ። እኔም እልል አልኩ፣ ቀስ ብየ።

የፋብሪካው ቀረ። ሱቁ አይዘጋም። ግን አባ ሲሰሙ በኔ ፍራሽ የተቀደሰውን ምን ይሉ ይሆን? ጡሩምባውን አውርዱ ቢሉስ?

ሰኔ 22

ለአባ ነገርኳቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ጡሩምባው ከላያችን ነው። መዘጋቱን ሦስት ጊዜ አየሁ።

«ደብተርሽን ይዘሽ መጣሽ?»

«ይዣለሁ አባ።»

«በይ አንብቢ።»

ገለጥኩ። «ግንቦት 14። ጧት ሱቁን ከፈትኩ፣ ጠረግሁ፣ መብራት ሄደ...»

«ወደ ኃጢአቱ ዝለይ ልጀ።»

ዘለልኩ። ፍራሹን፣ መቁረጫውን፣ ግንቦት 12ን፣ ሁሉንም ሳልተነፍስ አነበብኩ። ሲያልቅ ቀና ማለት አቃተኝ። አባም መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ አንድ እጅ ያዛውራሉ።

«እስኪ ልጠይቅሽ። ውስጥ የቆመው ሰው ያለ ጡሩምባ አይሰማኝም?»

«ይሰማዎታል አባ።»

«እንግዲያ ጡሩምባው ለማን ተሰቀለ?»

«ውጭ ለቆመው።»

«ውጭ የቆመውስ ማነው?»

አሰብኩ። «አራስ... በልቶ የመጣ... በሽተኛ... እንደኔ የሆነች።»

«ለሚካኤል የት ነበርሽ?»

«ውጭ።»

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁዎት። ሲያስሉም።»

«ድምፅ በጡሩምባ ወደ ውጭ ይወጣል ወይስ ወደ መቅደስ ይገባል?»

«ይወጣል አባ።»

«በይ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም «በይ» ምን ማለት እንደሆነ ለመጠየቅ ፈርቸ ደብተሬን አጠፍኩ።

«ሃምሳ ስግደት ትሰግጃለሽ።»

«እሽ። ስለ ፍራሹ?»

«ስለ ወንበር ሠሪው። ያላደረገውን ደግነት ሰጥተሽዋል። ለያረጋልም እውነቱን ትነግሪዋለሽ።» ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ በምን ትተኛለሽ?»

«በዚያው ነው አባ። በጎኔ ስተኛ ትከሻየ በአንዱ ይገባል፣ ወገቤ በአንዱ። ድመቷ ከቀደመችኝ ግን መሬት።»

አባ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ወይራው ዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳል ነው መሰለኝ፣ ብርድ ነበር።

ሰኔ 24

ለአያ ያረጋል ነገርኩት። ሽቦ እየላጠ ነበር፣ ላጠ ላጠና ሽቦው አለቀ።

«ስለዚህ ወንበር ሠሪው ምንም አልሰጠሽም?»

«አልሰጠኝም።»

«እኔ እኮ መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር አመሰግነዋለሁ። ምንም ሳይል ይቀበለኛል!»

በወንበር ሠሪው ተናዶ ዋለ። እኔን ረሳኝ።

ሐምሌ 12

ወርኃዊው ሚካኤል። አሁንም መጥቶብኝ ውጭ ነኝ፣ ግንቡ ሥር፣ በሰሌን ባርኔጣ ተጠልየ። ከኔ ጋር አምስት ሴቶች፣ አንድ አራስ፣ አንድ እግራቸውን የታመሙ እናት።

ከደምበጫ አካባቢ የመጡ የሌላ ደብር ሰዎች ጡሩምባውን ሊሰሙ ተጠርተዋል፣ እንደዚህ ያለ እንዲሠራላቸው። ጧት ሞክረው ማይኩ ተበላሸ፣ ሌላ ተተካ፣ ድምፁ ሌላ ሆነ። አያ ያረጋል ውስጥ ማሽኑ ጋ ነው። ውስጥ ሆኖ ደግሞ የውጩን አይሰማም። እኔ እሰማለሁ። አያ ያረጋል ከኔ በቀር ውጭ የቆመ ጆሮ የለውም።

በግንቡ ላይ አንገቱን አወጣ። «እንዴት ነው?»

በእጀ አሳየሁት። አልገባውም።

«በአፍሽ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ... እንጃ... «ወፍራሙን ድምፅ ቀንስ!» አልኩ። ጮክ ብየ! «ቀጭኑን ትንሽ ጨምር! በዛ! መልስ! የታችኛው ጡሩምባ ታፍኗል፣ አንዱን ሳንባ አውጣለት!» አወጣለት። «እዚያው! አትንካው!»

«የምን ጩኸት ነው በበዓል ቀን?» አሉ እግራቸውን የታመሙት እናት።

«ሥራየ ነው እማማ።»

«ሥራ ከሆነ ጥሩ» አሉና አባን ሰሙ። ትንሽ ቆይተው፣ «የፊተኛው ይሻል ነበር። ያኔ አያስተኛም ነበር» አሉ።

የደምበጫዎቹ ሁለት አዘዙ። አያ ያረጋል «ስንሰቅል ይችም አብራ ትመጣለች፣ ውጭ ቁማ የምትሰማው እሷ ናት» አላቸው። ትናንት አዲስ ፍራሽ ገዝቶልኛል። ቀዳዳ የለውም፣ ወገቤን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ አደርኩ። አሮጌውን ድመቷ ወስዳዋለች።

አሁን ቤት ገብቸ ነው የምጽፈው። በጩኸቱ ጉሮሮየ ተዘግቷል፣ እትየ ባንቺአየሁ ስታናግረኝ በእጀ ነው የመለስኩላት። ሰባት ሳንባ የተጠቀጠቀበት ይመስላል።